የደረጃው እድፍ

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኩት ረጅም ጽሑፍ ቤታችን እንደሚፈርስ የሚናገር ማስታወቂያ ነው።

ከገበያ ስመለስ በውጭው በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ወረቀቱ ነጭ፣ ፊደሉ ትልልቅ፣ ማኅተሙ ክብ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ የተጻፈ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ጮክ ብዬ ካላነበብኩት አፌን ይበላኛል። የሳሙና መጠቅለያ፣ የአውቶቡስ ጀርባ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሰው ካናቴራ ሳይቀር አነባለሁ። ልጄ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ክርኔን ይዛ፣ «እማዬ፣ የሰውየውን ደረት ማንበብ ተይ፤ ሚስቱ አጠገቡ ናት» ብላኛለች።

ቅርጫቴን መሬት አስቀምጬ ጀመርኩ።

«ለቤቱ... ነዋሪዎች... በሙሉ።»

ከምድር ቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ብቅ አለ። ደንበኛውም ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ተከተለው።

«ጎሽ!» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ። «በርቺ፣ ቀስ በሉ!»

ቀስ በሉ የእኔ ቅጽል ስም ነው። ደረጃ የሚወጣውንም፣ መንገድ የሚሻገረውንም፣ ትኩስ ሻይ የሚጠጣውንም «ቀስ በሉ» ስለምል ወጣልኝ። አልተቀየምኩም፤ ቀስ ብሎ የተሰበረ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ይህ... ቤት... ከመንገዱ... ሥራ... ጋር... በተ... በተያ...» አንገቴን ላብ አጠመቀው።

«አይዞሽ፣ ደረስሽ!»

«በተያያዘ!»

ደንበኛው አጨበጨበ፤ አረፋው ትከሻው ላይ ጠብ አለ።

«...በሚቀጥለው... ወር... ይ–ፈ–ር–ሳል።»

«አንበሳ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አንድም አልሳትሽም!»

እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ። ሦስታችንም እንደ ሰርገኛ እየተሳሳቅን ቆምን። ሳቁን መጀመሪያ ያቆመው ደንበኛው ነው።

«ቆይ ቆይ» አለ፤ «የትኛው ቤት ነው የሚፈርሰው?»

ቤታችን በዋና ከተማው በጣም አሮጌው ሰፈር ውስጥ ከቆሙት ቤቶች አንዱ ነው። ምድር ቤቱ ፀጉር ቤት ነው። መካከለኛው ፎቅ ላይ እኔና ልጄ አለን፤ ጎረቤታችን ሾፌር ነው፣ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ እዚህ ታሪክ ውስጥም አይገኝም። ከላይ፣ ከጣራው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ እማማ ሰገነት ይኖራሉ። የተወለዱትም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህ እስከ ታች አይወርዱም፤ ነገር ሲፈልጉ ወለሉን በዱላቸው ይደበድቡታል፤ እኔ ወጥቼ እታዘዛለሁ።

ቤቱ ከፈረሰ የሚሰጡን ቤቶች ከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ ራሱ ደክሞት የሚመለስበት ቦታ ነው ያሉት። ቤቶቹ አዲስ ናቸው፤ ቧንቧ አላቸው፤ እኔ ለመክፋታቸው ምስክር አልሆንም። የእኔ ጭንቀት መስኮቴ ነው። ልጄ ሆስፒታል ውስጥ ነርስነት ትማራለች። ከመስኮቴ ሆኜ መታጠፊያው ጋ ብቅ ስትል አያታለሁ፤ ከመታጠፊያው እስከ በሩ እየጠበቅኩ አስገባታለሁ። ሻሽ አስራ እንደሆነ፣ አንገቷን ደፍታ እንደሆነ፣ ሰው ተከትሏት እንደሆነ አያለሁ። ከከተማው ዳር ሆኜ ምኗን አያለሁ? ስልክ አለ ይሉኛል። ስልክ የሰውን አረማመድ ያሳያል?

ልጄ ስትመጣ ማስታወቂያውን ደግማ አነበበችው። ከታች ደቃቅ ጽሑፍ ነበረበት። መምህራችን ደቃቁም ፊደል ያው ፊደል ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ደቃቅ ጽሑፍ አላምንም።

«እማዬ፣ ይኼን አላነበብሽውም? የከተማውን ሕዝብ የዘመናት ኑሮ የሚያሳይ ቤት ከሆነ ሊተርፍ ይችላል ይላል። መጀመሪያ የቅርስ ባለሙያ መጥታ ታያለች፤ ከዚያ ኮሚቴው ይመጣል።»

በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ፀጉር አስተካካዩ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጦ ስብሰባውን መራ፤ ሰው በተናገረ ቁጥር ወደዚያው ይዞራል።

«ታሪክ ከፈለጉ ታሪክ እንሰጣቸዋለን» አለ። «እዚህ ቤት ንጉሥ ፀጉሩን ተቆርጧል።»

«የትኛው ንጉሥ?» አልኩ።

«የሞተው።»

«ሁሉም ሞተዋል እኮ!»

«ታዲያ ማን ያስተባብለኛል?»

«ጋሼ» አለች ልጄ፣ «የእርስዎ ፀጉር ቤት የተከፈተው እኔ ከተወለድኩ በኋላ ነው።»

«ንጉሡ ተራ ይዘው ሲጠብቁ ነው የኖሩት!» ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አንቺ ደግሞ፣ ቀስ በሉ፣ ኮሚቴው የሚመጣ ዕለት አፍሽን ዘግተሽ ነው የምትቆሚው። ስትዋሺ ስቅ ይይዝሻል።»

እውነቱን ነው፤ ይይዘኛል።

ከመደርደሪያው ሥር አንድ የሸክላ የሚመስል ሳፋ አወጣ። ንግሥቲቱ፣ ንጉሡ ፀጉራቸውን እስኪቆረጡ ድረስ፣ እግሯን የታጠበችበት ነው አለ። ጠርዙን በድንጋይ መታ መታ አድርጎ ሸራርፎታል። «ያረጀ እንዲመስል» አለ። ከላይ እማማ ሰገነት ወለላቸውን ሲደበድቡ ተሰማ። ስብሰባ መኖሩን ሰምተው ሳይጠሩ በመቅረታቸው እንደተናደዱ ገባኝ፤ ግን የሚሄድላቸው አልነበረም፤ ሁላችንም ስለ ንግሥቲቱ እግር እየተከራከርን ነበር።

ባለሙያዋ ትመጣለች ከተባለበት ቀን ቀድማ፣ ማንንም ሳትጠራ መጣች። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ በስንጥቁ አየኋት። ወጣት ናት፤ ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል፤ አንገቷ ላይ ካሜራ አንጠልጥላለች። መስኮቶቹን አላየችም። ጣራውን አላየችም። ደረጃው ላይ፣ ግድግዳው ፊት፣ ተገትራ ቀረች።

ስለዚህ ግድግዳ መናገር አለብኝ። ደረጃችን መደገፊያ የለውም። በግራ በኩል ድሮ አንድ ነገር ተተክሎበት የነበረ ቀዳዳ ቀዳዳ አለ። በቀኝ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ ከውጭው በር ጀምሮ እስከ እማማ ሰገነት ደጃፍ ድረስ፣ ጥቁር እድፍ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አንዱ መሥመር ትከሻ ላይ ነው፣ አንዱ ከዳሌ ከፍ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ጉልበት አካባቢ ነው። ቅባት ጠጥቶ እንደተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። በሙሽርነቴ እዚህ ቤት የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ያን ጊዜ የደነገጥኩት ድንጋጤ እስከዛሬ አልለቀቀኝም። ግን የጋራ ደረጃ ነው። የጋራ ነገር ላይ ብቻውን ሳሙና የሚያወጣ ሰው፣ ጎረቤቶቹን ቆሻሾች እንዳለ ይቆጠርበታል።

ባለሙያዋ ጣቷን እድፉ ላይ አሳለፈች። ጣቷን አሸተተች። ራሷን ነቀነቀች። ጎንበስ ብላ የታችኛውን መሥመር አየች፤ እንደገና ራሷን ነቀነቀች። ፎቶ አነሳች፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። ከዚያ ምንም ሳትል ወጥታ ሄደች።

እኔ በሬን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ጉዳችን ፎቶ ተነሳ! ኮሚቴ ፊት ሊዘረጋ ነው። «እንዲህ ያለ እድፍ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ቤት ቢፈርስ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። እኔም ብሆን እላለሁ።

በነጋታው ልጄ ትምህርቷ ላይ፣ ሾፌሩ መንገዱ ላይ ሳሉ፣ ውሃ አፈላሁ። ሳሙና፣ ብሩሽ፣ አሸዋ፣ ቢላዋ አዘጋጀሁ። ቅባቱ መጀመሪያ እምቢ አለኝ፤ በቢላዋ ስፍቀው እንደ ሰም እየተጠቀለለ ወረደ። ከሥሩ ቡናማ ወጣ፤ ከቡናማው ሥር ግራጫ። ባልዲዬ ውስጥ ያለው ውሃ ቀለም መሰለ። ከሱ በኋላ ኖራ ቀባሁት፤ ሲደርቅ እንደ ተላጠ እንቁላል ነጭ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አውጥቶ፣ «የሙሽራ ቤት አስመሰልሽው!» አለኝ። ደስ አለኝ። ወገቤ ተቆርጦ ነበር፤ ግን ደስ አለኝ።

የቀረኝ ወደ ጣራው የሚወጣው ጠባቡ ደረጃ ነው። ባልዲዬን ሞልቼ ብወጣ፣ እማማ ሰገነት ከታችኛው እርከን ላይ ተቀምጠዋል። ዱላቸውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደ ኬላ ዘርግተውታል።

«ወዴት ነው ከነባልዲሽ?»

«ላጥብልዎት ነው፣ እማማ። እንግዶች ይመጣሉ።»

«እኔ ጋ የሚታጠብ የለም።»

«እማማ፣ ይዩት እስቲ፤ ያሳፍራል እኮ። ይኼን የመሰለ እድፍ—»

«እድፍ?» አሉ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ይኼ እድፍ እናቴ ናት!»

እርጅናው ደረሰባቸው አልኩ በሆዴ። ድምፄን ለሕፃን እንደሚያወሩት አለሰለስኩ። «እሺ፣ እማማ፣ እሺ። ቀስ ይበሉ። ጫፉን ብቻ—»

«ቀስ በይ ራስሽ! እናቴን በብሩሽ አትፈቀፍቂያትም!»

በዱላቸው ባልዲዬን ገፉት። ውሃው ከእርከን እርከን እየዘለለ ወረደ፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ገብቶ አንድ ደንበኛ እግሩን ሰቅሎ ሲጮህ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ደክሞኛል፤ እጄ ተልጧል፤ ኖራ ዓይኔ ገብቷል። «እንግዲያው በእድፍዎ ይኑሩ!» አልኳቸው። በዕድሜዬ ለትልቅ ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም። እሳቸው ዱላቸውን ሰበሰቡ። ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ወጡ፤ በራቸው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ወለላቸውን አልደበደቡም። ሾርባ ይዤ ብወጣ፣ «ሳህኑን ታጥበሽዋል?» ብለው ከውስጥ ጠየቁኝ፤ «አዎ» ብላቸው፣ «እንግዲያው አልፈልግም» አሉኝ።

ኮሚቴው ሐሙስ መጣ። ሰብሳቢው ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ከመኪናቸው እስከ በራችን ሲደርሱ ትንፋሻቸው አጠረ። ሁለት ሰዎች ይከተሏቸዋል፤ ሥራቸው ሰብሳቢው ሲናገሩ ራስ መነቅነቅ ይመስለኛል። ባለሙያዋ ከኋላ ናት፤ ፊቷ በደስታ ይበራል። ልጄም አስፈቅዳ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ አጠገቤ ቆመች። እኔ ሁሉም ነገር በሰላም እንዲያልፍ ብቻ እጸልያለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ከረቫት አስሯል። «ክቡራን እንግዶች» ብሎ ጀመረ፤ «አሁን የቆማችሁበት ቦታ ንጉሥ የቆመበት ነው።» ሁለቱ ሰዎች እግራቸውን አዩ። ንጉሡ እንዴት እንደመጣ፣ የትኛውን ጎን እንደተላጨ፣ በመስተዋት አይቶ ምን እንዳለ ነገራቸው። ከዚያ ሳፋውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ አመጣው። ሰብሳቢው ተቀብለው አገላበጡት።

ሲያገላብጡት ከሥሩ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወደ እኔ ነው ያዞሩት፤ ፊደሉም ትልልቅ ነው። ምን ላድርግ?

«ከልጆች... አርቀው... ያ–ስ–ቀ–ም–ጡ» አልኩ። «እሳት ላይ... አይ–ጣ–ድም።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

«ንግሥቲቱ ልጆች ነበሯት» አለ ፀጉር አስተካካዩ በቀጭን ድምፅ።

ሰብሳቢው ሳፋውን መለሱለት። ባለሙያዋ ግን አልከፋትም፤ «ይህን ይተዉት፤ እኔ የማሳያችሁ ሌላ ነው» ብላ ወደ ደረጃው ቀደመች። እኔም ተራዬ ደረሰ ብዬ ቀሚሴን አስተካከልኩ። እስካሁን ያለውን ውርደት የእኔ ግድግዳ ያስረሳዋል።

ባለሙያዋ የመጀመሪያውን እርከን ረግጣ ቆመች። ወደ ላይ አየች። ወደ ታች አየች። ወጥታ የበሩን ቁጥር አይታ ተመለሰች።

«የት ሄደ?» አለች።

«ምኑ?» አልኩ።

«እዚህ ግድግዳ ላይ የነበረው!»

«አይዞዎት፣ ጠርጌዋለሁ» አልኩ። «እንዳታፍሩብን ብዬ ነው። አሸዋም ሳሙናም—»

እርከኑ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ የደከማት መስሎኝ ውሃ ላመጣ ስል፣ እጄን ያዘችና ለሁላችንም መናገር ጀመረች። በግራ በኩል ያሉትን ቀዳዳዎች አሳየችን። እዚያ የተጠረበ የእንጨት መደገፊያ ነበር አለች። ቤቱን የሠራው ነጋዴ፣ ከእሱ በኋላ የገባው ዳኛ፣ ከዳኛው በኋላ የመጡት መኮንኖች፣ ሁሉም ያንን ይዘው ነው የወጡት የወረዱት። አሽከርና ገረድ ግን መደገፊያውን እንዳይነኩ ክልክል ነበር።

«ስለዚህ ግድግዳውን ያዙ» አለች። «ትከሻ ላይ የነበረው መሥመር የተሸካሚዎቹ ነው፤ ጆንያ እንደተሸከሙ ተደግፈው ያርፋሉ። ከዳሌ ከፍ ያለው ውሃ የሚያመላልሱት ሴቶች እጅ ነው። የታችኛው፣ ቤቱ ትምህርት ቤት የሆነ ጊዜ፣ የልጆች ነው። በጦርነቱ ክረምት የሚነድ ጠፍቶ መደገፊያውን ነቅለው ሞቁት፤ ከዚያ ወዲህ ጌታውም ገረዷም ግድግዳውን ያዙ። መደገፊያውን የያዘው ሰው ሁሉ ሥዕሉ፣ ሐውልቱ፣ በስሙ የተጠራ መንገድ አለው። ግድግዳውን የያዘው ሰው ግን ከዚህ በቀር የትም አልነበረም።» ኖራውን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ሦስት መቶ ዓመት ነበር እኮ። የት ሄደ?»

«ባልዲዬ ውስጥ» አልኩ።

«ሦስት መቶ ዓመት በአንድ ከሰዓት!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሊያግዘኝ ብሎ፣ «ሥራ ስትይዝ እንደዚህ ናት» ሲል ጨመረ።

«ግን እኮ» አልኩ፣ «ያን ዕለት ራስዎን ሲነቀንቁ አይቻለሁ!»

«በአድናቆት ነው የነቀነቅኩት!»

«ጣትዎንም አሽትተዋል!»

«ቅባቱ የምን እንደሆነ ለማወቅ ነው!»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዲህ» አሉ፣ «እኛ መመስከር የምንችለው ያየነውን ነው። ያየነው ደግሞ ነጭ ግድግዳና አንድ ሳፋ ነው።» ሁለቱ ነቀነቁ። ዞረው መውጣት ጀመሩ። በአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ታየኝ፤ ትልቁ ማሽን መጥቶ መስኮቴን ሲጎርሰው፣ ልጄ በማላውቀው መታጠፊያ ዞራ ማንም ሳያያት ስትሄድ። ቤቱን ያፈረሰው ደግሞ መንገዱ አይደለም። የእኔ ሳሙና ነው።

«ከላይ አለ!» ብዬ ጮህኩ። «ከላይ ያለውን አላጠብኩትም! አልታጠብም ብሎኝ ነው!»

ባለሙያዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ሰብሳቢው የደረጃውን ርዝመት አይተው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሁላችንም ወጣን፤ እኔ ከፊት፣ ልክ እንደ ልማዴ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» እያልኩ።

እማማ ሰገነት ከጠባቡ ደረጃ ሥር ቁጭ ብለዋል። ዱላው እንደ ኬላ ተዘርግቷል።

«እማማ፣ ያሳልፉን» አሉ ሰብሳቢው።

«ሳሙና ይዛችኋል?»

«የለም፤ እኛ ኮሚቴ ነን።»

«የባሰው እሱ ነው» አሉ እማማ ሰገነት። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። «እጅሽን አሳዪኝ።»

ሁለቱንም እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌ በኖራ ተልጦ ቀልቷል። በዚያው እርከኑ ላይ ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እናትዎ መሆናቸውን አላወቅኩም።»

ከኋላዬ ከሚነቀንቁት አንዱ፣ «እናታቸው የታሉ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ።

«ነግሬሽ ነበር» አሉ እማማ።

«ነግረውኛል። እድፍ ሳይ ጆሮዬ ይደፈናል።»

«ከታችም ነበረች እኮ። ከውጭው በር ጀምራ ነው የምትወጣው። ግማሿን አጠብሽብኝ።»

ይኼኔ እንባዬ አመለጠኝ። ስለ መስኮቴ አልነበረም፤ መስኮቴን ረስቼዋለሁ። እማማ ሰገነት ለካ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው በፊት በወጡ በወረዱ ቁጥር እናታቸውን እየዳሰሱ ነበር። እኔ ደግሞ ሳሙና ይዤ መጣሁ። ተንበርክኬ ስንሰቀሰቅ እሳቸው ትንሽ አዩኝ።

«በቃ» አሉ። «አልቅሰሽ ደግሞ ደረጃውን እንዳታጥቢው።»

ዱላቸውን አነሱ።

ሰብሳቢው መጀመሪያ ወጡ። ያ ደረጃ ድሮም መደገፊያ አልነበረውም፤ ወደ አሽከሮቹ ክፍል ብቻ ስለሚወስድ ማንም መደገፊያ አላሰበለትም። መካከል ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ጠፋ፤ ተንገዳገዱ፤ ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱ። መታጠፊያው ላይ ግድግዳው ከመዳሰስ ብዛት ጎድጉዷል፤ ለስልሶ፣ ጠቁሮ፣ የእጅ ልክ ሆኗል። የሰብሳቢው እጅ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ቀረ። እጃቸውን ሊያነሱ አልቻሉም፤ ወይም አልፈለጉም።

«እናቴ ባልዲ በአንድ እጇ፣ ግድግዳውን በሌላ እጇ ይዛ ነበር የምትወጣው» አሉ እማማ ሰገነት ከታች። «እንዲያም ሆኖ እንደ እርስዎ አላለከለከችም።»

ሰብሳቢው አልተቆጡም። «ስማቸው ማን ነበር?»

«ጌቶቹ ‹አንቺ› ነበር የሚሏት። እኔ እማዬ እላታለሁ።»

ሁለቱ ሰዎች ሊነቀንቁ ፈልገው ወዴት እንደሚነቀንቁ ጠፋቸው። ባለሙያዋ ግድግዳውን በጣቷ ሳትነካ፣ በአየር ላይ እየተከተለች፣ እስከ በሩ ወጣች። ካሜራዋን አላነሳችም። ሰብሳቢው ትንፋሻቸው እስኪመለስ እዚያው ቆሙ፤ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «የእኔም እናት ሰው ቤት ነው ያደገችው» አሉ።

ሲወርዱ እኔ ካጠብኩት ግድግዳ ጋ ደረሱ። አሁንም እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ሲያነሱት አምስት ጥቁር ጣት ነጩ ኖራ ላይ ታተመ። የላይኛው ዘመን ሁሉ በመዳፋቸው ወርዶ ነው። እኔ ሳላስበው ወገቤ ላይ የሰካሁትን ጨርቅ መዘዝኩ፤ ልጄ ክርኔን ያዘችኝ።

«እማዬ!»

«ጫፉን ብቻ...»

«ተይው!» ስትል ባለሙያዋ ከላይ ጮኸች፤ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። «ተይው፤ ገና አሁን መጀመሩ ነው!»

ሰብሳቢው በሩ ላይ ሆነው ወሰኑ። መንገዱ ጠመም ብሎ ያልፋል፣ ቤቱ ይቆያል አሉ። «አንድ ነገር ብቻ» አሉና ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ «ይህችን ሴትዮ ከግድግዳው የሚጠብቅ ሰው ይመደብ።» ሁለቱ ሰዎች እንደ ልባቸው ነቀነቁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባለሙያዋ ሠራተኛ ይዛ መጥታ በደረጃው መግቢያ ላይ ሰሌዳ አስመታች። ከገበያ ስመለስ አገኘሁት። ቅርጫቴን አስቀምጬ ጀመርኩ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ወጣ፤ ልጄም በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«ይህ... ግድግዳ... አይ–ታ–ጠ–ብም።»

«አንበሳ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አንድም አልሳትሽም!»

«ለማን ነው የተጻፈው ግን?» አለች ልጄ ከላይ።

እሱ በምላጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ሳፋውን አሁን መስኮቱ ላይ አስቀምጦታል፤ ሰብሳቢው በእጃቸው የያዙት ሳፋ ነው እያለ ለደንበኞቹ ያሳያል። ይኼኛው እንኳ እውነት ነው፤ ወረቀቱን ብቻ ልጦ ጥሎታል፣ እኔ እንዳላነበው።

ከላይ እማማ ሰገነት ወለላቸውን ደበደቡ። ሾርባ ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ሳህኑ በአንድ እጄ ነው፤ ሌላው እጄ ባዶ ነው። ነጩ ግድግዳ ላይ ከሰብሳቢው ጣቶች በቀር ገና ምንም የለም። ሦስት መቶ ዓመት ያጠበ ሰው፣ ጥቂቱን እንኳ መመለስ አለበት ብዬ አሰብኩ። ወደ ታች አየሁ፤ ማንም የለም። እጄን ልዘረጋ ስል ግን መዳፌን አየሁት። ከገበያ ነው የመጣሁት፤ አቧራ አለበት። እንዲህ ሆኖ እንዴት ለእማማ እናት ይሰጣል?

መጀመሪያ በቀሚሴ ጠረግኩት። ከዚያ ያዝኳት።